ሰባት ጊዜ የታጠበ ማሽላ

የገንደ ሐርቡ ሰው የዘር ማሽላ አይበላም። ይህን ማንም ደንብ ብሎ አልጻፈውም፤ ግን ልጅ በእናቱ ላይ እጁን እንደማያነሳ ሁሉ የታወቀ ነው። አዝመራው ሲደርስ፣ ማጭድ ሳይገባ፣ የቤቱ እመቤት ብቻዋን ወደ ማሳው ትገባለች። ፍሬው የሞላውን፣ በጥርስ ሲነክሱት ጠጠር የሚለውን ዛላ እየመረጠች ትቆርጣለች። በገመድ አስራ ከምድጃው በላይ ጣራው ሥር ትሰቅለዋለች። ጭሱ ያጠቁረዋል፤ ነቀዝም አይደፍረውም። ከዚያ ወዲያ ያ ዛላ እህል መሆኑ ይቀራል። ቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚያድር መጪ ዓመት ነው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሙስሊማ ወደ ሚኤሶ መጠለያ ስትወርድ ትንሹን ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣ ትልቁን በእጇ ይዛ፣ ዛላውን በሰሌን ጠቅልላ በራሷ ተሸክማ ነበር። መጠለያው ውስጥ አምስት ወር ሙሉ እሱን ተንተርሳ ተኛች።

"ትራስሽ ቆሎ ቆሎ ይሸተኛል" እያለ ባሏ ሙሜ ይቀልድባት ነበር።

"አፍህን ያዝ፤ ሰው ይሰማል።"

ሰው ቢሰማም የሚነካባት አልነበረም። ሌሎቹም ሴቶች እንደ እሷው ተንተርሰው ነበርና።

ያን ዛላ ራብ አላወረደውም። ያወረደው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ያነበበው ደግሞ ኃይለየሱስ ነው።

ኃይለየሱስ የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥቡ ሳይመጣለት ሲቀር፣ ኦሮምኛ ስለሚችል አንድ የእርዳታ ድርጅት በአስተርጓሚነትና በእህል አዳይነት ቀጠረው። ዝምተኛ ነው። ከሰው ጋር እየተጨዋወተ ሳለ ሐሳቡ ተነስቶ ይሄድበታል፤ ሲጠሩት ደንግጦ ይመለሳል። የገንደ ሐርቡ ሰዎች ከመጠለያ ወደ ቀያቸው ሲመለሱ አብሯቸው ተመለሰ። እርከን ሲሠሩ፣ ኩሬ ሲቆፍሩ ስንዴና ዘይት የሚሰፍርላቸው እሱ ነበር። ባዶውን ማሳ እያየ በሐሳቡ ስንት ጊዜ አልምቶት ነበር! አገዳው ከሰው ቁመት ሲበልጥ፣ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ሲጠብቁ ይታየው ነበር።

በሰባ ስምንት መጋቢት መጨረሻ ላይ ደብዳቤ መጣ። ሕዝቡን ሾላው ሥር ሰብስቦ አነበበው። "የእርዳታው ምዕራፍ ተዘግቷል፤ አሁን መልሶ ማቋቋም ነው። ስለዚህ የስንዴ እደላ ከዚህ ወር ጀምሮ ይቆማል። በምትኩ ለእያንዳንዱ አባወራ ዶማና ለቆላ የሚስማማ የማሽላ ዘር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ይደርሳል።" ሰው አጨበጨበ። በዚያ ዘመን ወረቀት ተነቦ ሲያበቃ ማጨብጨብ ልማድ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ሙስሊማ ወደ ኋላ ቀረች።

"ይሄ ወረቀት ማኅተም አለው?"

"አለው፣ አዴ ሙስሊማ።" እናቴ ማለቱ ነው። "ይኸውልዎት፣ ክቡ።"

"ማኅተም ያለው ወረቀት ይዋሻል?"

ሳቀ። "አይዋሽም።"

"እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለማንም አትንገር።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ቤት ያለው ዱቄት የአራት ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለኝ የተሰቀለው ብቻ ነው። ላውርደው?"

ኃይለየሱስ ቀሚሷን ይዞ የቆመውን ትንሹን ልጅ አየው። የክንዱ ቆዳ እንደ ሽማግሌ ቆዳ ተጨማዷል። ደግሞ ያ በሐሳቡ ያለማው ማሳ በዓይኑ መጣበት።

"ያውርዱት" አለ። "ልጆቹ ይብሉ። የሚመጣው ዘር ከዚህ ይሻላል፤ በሦስት ወር ተኩል ይደርሳል ይላሉ።"

"አንተ ነህ ያልከው።"

"እኔ ነኝ።"

በአምስተኛው ቀን ከሙስሊማ ቤት ጭስ የጠገበ የማሽላ ቂጣ ሽታ ወጣ። በገንደ ሐርቡ ዘር በመምረጥ ሙስሊማን የሚያህል አልነበረም፤ ሴቶቹ ሁሉ የእሷን እጅ ነው የሚያዩት። እሷ ካወረደች የሌላው ተሰቅሎ ምን ይሠራል? ሳምንት ሳይሞላ የአርባውም ቤት ጣራ ባዶውን ቀረ።

ዝናቡ ቃሉን ጠበቀ። ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን ከአሰቦት ተራራ በኩል ጠቁሮ መጣና መሬቱን አራሰው። ዶማውም መጣ፤ እጀታ ግን የለውም።

"አቦ፣ ሙሽራዋን አምጥተው እግሯን ረሱት!" አለ ሙሜ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከግራር እጀታ ጠርበው፣ በጉዛ፣ በደቦ ተሰብስበው፣ ማሳውን ሁሉ ቆፍረው አለሰለሱት። መሬቱ ጥቁር ሆኖ፣ አፉን ከፍቶ ተኛ። ዘሩ ግን አልመጣም። ጠዋት ጠዋት ሰዉ የማሳው ዳር ቆሞ ወደ መኪናው መንገድ ያያል። ዝናቡ ይዘንባል፤ እነሱ ያያሉ።

ሙሜ ወደ ሂርና፣ ወደ ዘመዶቹ ወጣ። ዘር ለጠየቀ እንቢ አይባልም፤ ሁለት ቁና ሰጥተው ሸኙት።

"የደጋ ማሽላ ነው" አለ ሲመለስ፣ ፍሬውን በመዳፉ እያንከባለለ። "ስምንት ወር ይፈልጋል። እዚህ አገዳ ብቻ ሆኖ ለግመል ነው የሚቀረው።" መሬቱ ጦሙን ከሚያድር ብለው ያንኑ በተኑት።

ኃይለየሱስ ከዚህ በላይ አልቻለም። ጫት ሊጭን ባዶውን ወደ ላይ በሚወጣ መኪና ተሳፍሮ አሰበ ተፈሪ ገባ። የድርጅቱ መጋዘን ኃላፊ አጥናፉ የሚባል ወፍራም፣ ደግ ሰው ነው።

"ዘራችሁማ አለ!" አለና በሩን ከፍቶ አሳየው። ጆንያው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ተደርድሯል። "ከመጋቢት ጀምሮ እዚሁ ነው።"

"ታዲያ ለምን አይሄድም?"

"በምን? ሁለቱም መኪናዎች ለግዳጅ ተወስደዋል። ወዴት እንዳትለኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም።"

"የግል መኪና ተከራዩዋ!"

"ፊርማ ይፈልጋል። ፈራሚው ሐረር ስብሰባ ላይ ነው።"

"አንድ ጆንያ ስጠኝ። አንድ ብቻ፤ በጫት መኪና ይዤው ልውረድ።"

አጥናፉ ትከሻውን ያዘው። "ወንድሜ፣ እኔ የቁልፍ ሎሌ ነኝ። ዛሬ አንድ ጆንያ ባጎድል፣ ነገ ስትመጣ እዚህ የምታገኘው ሌላ አጥናፉ ነው።"

ዘጠኝ ቀን ተመላለሰ። ዘጠኝ ቀን "ነገ" ተባለ። ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ሲደበድበው ጣራው ሥር ተጠግቶ ይሰማል። ያ ደመና ወደ ቆላው ነው የሚወርደው፤ ዘሩ ግን ከጀርባው፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ደርቆ ተኝቷል። ክንድ የማይሞላ ግድግዳ ነው። አንድ ቀን መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ዘበኛው "ምን ሆነሃል?" ሲለው ነው የነቃው።

መኪናው ገንደ ሐርቡ የደረሰው ግንቦት ሃያ አራት ቀን ነው። ዝናቡ ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነበር። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። የሙሜ የደጋ ማሽላ ስንዝር ያህል በቅሎ ቢጫ ሆኗል።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ ሙሜ። የዚያን ቀን የሳቀለት አልነበረም።

ጆንያው ሲፈታ ፍሬው ቀይ ሆኖ ተገኘ።

"ሂና የተቀባች ሙሽራ ትመስላለች" አለች አንዷ። ጆንያው ላይ የሰው ራስ ቅልና የተጣመረ አጥንት ተስሏል፤ ከሥሩ የፈረንጅ ጽሑፍ አለ። ኃይለየሱስ ግማሹን አንብቦ ግማሹን ገምቶ አስረዳቸው።

"ነቀዝ እንዳይበላው መድኃኒት ተለውሷል። መድኃኒት ስል ግን መርዝ ነው! ሰውም ከብትም ዶሮም እንዳይቀምሰው። አስቀምጡት፤ የሐምሌ ዝናብ ሲጥል ትዘሩታላችሁ። በኅዳር ይደርሳል።"

"እስከ ሐምሌስ?" አለች ሙስሊማ። ያን ቀን ሾላው ሥር ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ አሁን ግን አላደረገችም።

"ስንዴ ለምኜ አመጣለሁ" አለ።

ሄደ። አሰበ ተፈሪ ላይ ከወረቀት ክምር ጀርባ የተቀመጠ ሰው መዝገብ ገለጠለት። "ገንደ ሐርቡ፣ ገንደ ሐርቡ... ይኸው። ዶማ ወስዷል፣ ዘር ወስዷል። ተቋቁሟል።"

"ዘሩ እኮ አልተዘራም።"

"እሱ እዚህ የሚሞላበት ቦታ የለውም" አለ ሰውየው። እውነቱን ነበር፤ መዝገቡን አዙሮ አሳየው፣ ቦታ አልነበረውም። ሌላ ቢሮ ላኩት፤ ከዚያም ሌላ። በአራተኛው ቀን ሁለት ዳቦ ገዝቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወደ ቆላ ወረደ።

ከመኪናው መንገድ ወርዶ ጉብታውን ሲሻገር ቀትር ነበር። ከገንደ ሐርቡ ቤቶች ሁሉ ጭስ ይወጣል። ቆም ብሎ አየና ደስ አለው። አንድ ነገር አግኝተዋል ማለት ነው፤ ከሂርና ዘመድ ልኮላቸው ይሆናል፤ ሌላ ድርጅት ደርሶላቸው ይሆናል። እያሰበ ወረደ። ሙስሊማ ደጃፍ ሲደርስ መሬቱ ርሷል። ውሃው የሄደበት ቦይ ቀይ ነው።

ሮጦ ገባ።

ድስቱ ይፍለቀለቃል። ሁለቱ ልጆች ጉልቻው ዙሪያ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከድስቱ አይነቅሉም። ሙሜ መደቡ ላይ ጋደም ብሏል።

"ደህና መጣህ፣ ልጄ፤ አረፍ በል" አለች ሙስሊማ።

"አዴ ሙስሊማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሹሞ ነው።" ንፍሮ ማለቷ ነው።

"መርዝ ነው ብዬ አልነበረም?"

"ብለሃል። ስለዚህ አጠብነው። ሰባት ጊዜ! አንዱን በአፈር አሽተን። በሸሪዓው ውሻ የላሰው ዕቃ እንኳ እንዲህ ሲታጠብ ይጠራል፤ ነጃሳ የሚባል ርኩሰት አይቀርበትም። የሁላችንም ቤት እንዲሁ ነው ያጠብነው፣ ወላሂ ማንም አልሰነፈም። ሰባተኛው ውሃ ጥርት ብሎ ወጣ።"

"ይሄ እንደ ነጃሳ አይደለም! ፍሬው ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ውሃ አያወጣውም።"

በጭልፋ አውጥታ አሳየችው። "እይ እስቲ። ቀይ አለው?"

አልነበረውም። ነጭ፣ ያበጠ፣ ያማረ ማሽላ ነው። ኃይለየሱስ ጭልፋውን ትኩር ብሎ አየ። ምን ያህሉ ሰው ይገድላል? ምን ያህሉ በውሃ ሄዷል? ጆንያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ቢያነበው ኖሮ ይነግረው ይሆን? አያውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲማር ይህን ያስተማረው የለም።

ሙሜ ከመደቡ ሳይነሳ ተናገረ። "ያኔ ብሉ አልከን፣ በላን። አሁን አትብሉ ትለናለህ። የትኛውን እንስማህ? አቦ፣ ተቆጥቼ አይደለም። እንዲያው ጠይቄህ ነው።"

"ይሄኛውን" አለ ኃይለየሱስ። "ያኛውን ተሳስቻለሁ። ይሄኛውን ስሙኝ። በእናትዎ፣ አዴ ሙስሊማ፣ ያውርዱት።"

ሙስሊማ በጨርቅ ይዛ ድስቱን አወረደችና ከጉልቻው አጠገብ አኖረችው።

"ይኸው፣ አወረድኩት" አለች። "አሁን ምን ልጣድ?"

ቦርሳውን ከፍቶ ሁለቱን ዳቦ አወጣ፤ ለሁለቱ ልጆች ሰጣቸው። ዳቦው በምራቅ እንኳ ሳይርስ አለቀ። ትንሹ ፍርፋሪውን ከሆዱ ላይ ለቅሞ ጨረሰና ቦርሳውን ማየት ጀመረ። እሳቱ ባዶውን ይነዳል።

"ሚኤሶ እወርዳለሁ" አለ ኃይለየሱስ። "አሁኑኑ። ለእርዳታ ጣቢያው ሰዎች እነግራለሁ፤ አንድ ነገር..."

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ የረዲያ ድምፅ ተሰማ። "ሙስሊማ! ኧረ የናንተ አልበሰለም እንዴ? የኛዎቹ በልተው ተኙልኝ፣ አልሐምዱሊላህ!"

"በቀትር?" አለ ኃይለየሱስ።

ሙስሊማ የአጥሩን አቅጣጫ አየች፤ ትንሹን ልጅ አየች። ጎንበስ ብላ መልሳ ልትጥደው ድስቱን በጨርቁ አነሳች።

ኃይለየሱስ ዘልሎ የድስቱን ጠርዝ በባዶ እጁ ያዘው።

"ልቀቅ፣ ልጄ" አለችው በለሆሳስ። "ይፈጅሃል።"

ይፈጅ ነበር። አልለቀቀም። እሷም አልለቀቀችም። በተከፈተው በር የቀሩት የሠላሳ ዘጠኙ ቤቶች ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ይታየዋል፤ ያለው ሁለት እጅ ነው፣ ሁለቱም እዚች አንዲት ድስት ላይ ናቸው።