ከድንኳኑ ሥር ያለችው ሎሚ

«ይቺም ትነቀል፤ ምሰሶው የሚቆመው እዚህ ነው።»

የእድሩ ዳኛ አስፋው ይህን ያለው አንዲት የክንድ ያህል ቁመት ያላት የሎሚ ችግኝ በእግሩ ጫፍ እያሳየ ነው። ሸራው ግቢው መካከል ተቆልሏል፤ ጎረምሶቹ ምሰሶ ተሸክመው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ሸዋወርቅ ያረፈችው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ቀብሯ ዛሬውኑ ነው፤ የናዝሬት ፀሐይ ደግሞ ለቅሶ ደራሽ ብላ ለማንም አትራራም።

ባሏ አብተው፣ ሰዎች ባስቀመጡት ቦታ በረንዳው ላይ፣ እንደ ተቀመጠ ነበር። ድንገት ተነሣ።

«አትነቀልም።»

«ምን አልክ?»

«ሎሚዋም፣ ጽጌረዳውም፣ ዘይቱናውም። አንዱም አይነካም።»

አስፋው ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብተው ወንድሜ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርህ። ግቢህ ውስጥ ከአትክልት የተረፈ መሬት የት አለ? መንገድ ላይ እንዳንተክል ቀበሌው ‹የምን ስብሰባ ነው› ይለናል። ደግሞስ...» ቃሉን ሊውጠው ሞከረ፤ አልቻለም። «ደግሞስ የበላቻት ይቺ ሎሚ አይደለችም? ከአዳሚ ቱሉ ሎሚ ብላ ወባ ይዛ መጣች።»

 አብተው ነገሩን ጧት ሴቶቹ ጓዳ ሆነው ሲያንሾካሽኩት ሰምቷል። ውሸት ነው ሊል አይችልም፤ ሸዋወርቅን ብርድ ብርድ ያላት ከዚያ ጉዞ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ነው። ብቻ ሄዶ ሎሚዋ ፊት ቆመ።

ከዚህ ጭንቅ ያወጣቻቸው የሸዋወርቅ የአጥር ጎረቤት ጉዲቱ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ አፏ ግን እንደ ወትሮው ነው።

«እናንተ ሰዎች! ሸራው እኮ ሁለት ነው፤ መካከሉን ክፍት ተዉና ፓፓያው በዚያ ይውጣ። የቀረው ከሥር ይሁን። አግዳሚ እንጂ ግመል አይደለ የምታስገቡት፣ ሰው በመካከሉ ይቀመጣል!»

«ለቅሶ ቤት ነው መናፈሻ ነው የምንተክለው?» አለ አስፋው።

«እሷ ከጠራችን መናፈሻም ቢሆን እንመጣለን።»

ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ድንኳኑ እንደተባለው ተተከለ።

* * *

ከደብረ ብርሃን ወደ ናዝሬት ያዛወራቸው የአብተው መሥሪያ ቤት ነበር። ዕቃው ከመኪና ወርዶ ሳያልቅ ሸዋወርቅ ግቢውን ዞራ አየችው፤ አሸዋ፣ እሾህና አንዲት የደረቀች ቃሪያ። ሌላዋ ሴት አዲስ ሰፈር ስትገባ ወፍጮ ቤቱን፣ የውሃ ቦኖውን፣ የቀበሌውን ሱቅ ታጠያይቃለች። ሸዋወርቅ ያገኘችውን ሁሉ፣ ጋሪ ነጂውን ሳይቀር፣ «የኔ ጌታ፣ ጥሩ ችግኝ የት ይገዛል?» ትለው ጀመር።

በገበያው ቀን አንድ ሰው የጽጌረዳ ችግኝ በጣሳ በጣሳ ደርድሮ አገኘችና ደስ ብሏት ተሸክማ ገባች። ተከለችው፤ ጧት ማታ አጠጣችው፤ ለሳምንት ያህል አረንጓዴ እንደ ሆነ ቆየ። ከዚያ ጠወለገ። ብትነቅለው ሥር የለውም፤ ከዛፍ ተቀንጥሶ ጭቃ ውስጥ የተሰካ ቅርንጫፍ ነው። አብተው ታለቅሳለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አብተው! ሳምንቱን ሙሉ የማገዶ እንጨት ሳጠጣ!»

ሳቋን ሰምታ በአጥር ያየቻት ጉዲቱ ናት። «ኮቱ፣ ነይ ወዲህ» ብላ ጠራቻት። «ያንቺ አገር ሰው ልጁን ሲድር ዘር ይቆጥር የለም? ችግኝም እንዲሁ ነው። እናቱን ሳታዪ አትግዢ።»

ሸዋወርቅ ይህችን ቃል እንደ ጸሎት ያዘቻት። ከዚያ ወዲህ ገበያ ቆሞ የሚሸጥ ችግኝ ዞራም አታይ። አንድ ቤት ደጃፍ ያማረ ዛፍ ካየች ታንኳኳለች፤ የዛፉን እናት ሳታይ፣ የቤቱን እመቤት ቡናም ሳትጠጣ አትመለስም። ወንጂ ሄደች፤ መቂ ሄደች፤ ማታ ማታ ለአብተው የምታወራለት ስለ ተክሉ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ልጇ ሳል፣ ስለ ላሟ ጭምር ነው። ተክሎቹንም በሰጧት ሰዎች ስም ጠራቻቸው። «ደራርቱ ዛሬ አበበች» ትለዋለች። «ኑሬን ትል በላው።» እሱ ቢሮና ቤቱን እንጂ ከተማውን አያውቅም፤ ብዙም አይናገርም። ይሰማታል። መስማት ይወድ ነበር።

* * *

በማግሥቱ ድንኳኑ ሞላ። ለቅሶ ደራሹ «እግዜር ያጥናህ» እያለ በጽጌረዳና በጌሾ መካከል ጎንበስ ቀና ብሎ ያልፋል፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ዘይቱናው ላይ ሰቀሉ። አብተው ዓይኑን ከሰዎች እግር አላነሣም። ሎሚዋ ከሁለት አግዳሚ መካከል ናት፤ አንዱ እግሩን በዘረጋ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ሊል ይቃጣዋል።

«ይሄን ጽጌረዳ ግን ከየት አገኘችው?» አለች አንዲት ሴት፣ ንፍሮዋን ይዛ በሹክሹክታ።

«ወንጂ፣ ደራርቱ ከምትባል ሴት ቤት አሉ።»

«ደራርቱ እኔ ነኝ» አለች ከኋላ የተቀመጠች፣ ነጠላዋ ዓይኗ ድረስ የወረደ ሴት።

አብተው ቀና አለ። አራት ዓመት ሙሉ ደራርቱ ለእሱ አበባ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሾፌር ሽንኩርት የጫነ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ገባ። እጁን ዘርግቶ ቆሞ ቀረ። «አላህ ያጽናዎት ጋሼ። ኑሬ እባላለሁ፣ ከመቂ...»

«የዘይቱናው ኑሬ?»

ሰውየው ግራ ገባው። «ዘይቱናው ከእናቴ ቤት ነው። ጋሼ፣ አዳሚ ቱሉ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። ቢቀየሙኝ እዳዬ ነው ብዬ መጣሁ።»

አብተው አጠገቡ ቦታ ለቀቀለት። «ተቀመጥ ልጄ። ትንኝ ካንተ ፈቃድ ትጠይቃለች እንዴ? ይልቅ ስትመለሱ ምን ትል ነበር?»

«ኧረ ምን ያላለችው አለ!» ኑሬ ሳያስበው ፈገግ አለ። «ሎሚዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ‹ቀስ በል፣ ልጅ ይዣለሁ› እያለች። ቲማቲሜ ዘግይቶ ደላላው ሲሰድበኝ አመሸ። ለምን ይሄን ያህል ትለፊያለሽ እትዬ፣ ሎሚ በየሱቁ አለ ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ባሌ፣ ቆላ ከወረድን ወዲህ፣ ምግብ አይረጋለትም፤ ሎሚ ጠብ ያረግሁለት ቀን ብቻ ይበላል። እሱ አይናገርም፤ እኔ አያለሁ። ከገዛ ደጁ ይቅጠፍ› አለች።»

 አብተው ዓይኑ እንባ ቢሞላም አላበሰውም። ሰዓት እላፊ እየተቃረበ ሰው ሲነሣ እንኳ ሎሚዋን ከማየት አልተመለሰም።

* * *

የሠልስቱ ጸሎት ካበቃ በኋላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ጎረምሶቹ ሸራውን ገፈፉት። ብርሃኑ በአንዴ ግቢው ላይ ተደፋ። ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ የከረሙት ቅጠሎች ገርጥተው ለስልሰዋል።

ጉዲቱ ሎሚዋ አጠገብ ቁጢጥ ብላ በጣቷ ነካካቻት። «ጋሼ፣ ከጥላ ወደ እሳት ነው የወጡት። ትልልቆቹ ይችሉታል። ይቺ ግን ሥር አልያዘችም፤ እስከ ማታ አትደርስም።»

አስፋው ገመድ መጠቅለሉን አቆመ። ጓዳ ያሉት ሴቶችም ብቅ አሉ። የበላቻት ሎሚ ናት፤ ሁሉም ያንን ያስባል።

አብተው ከአጥሩ ሁለት እንጨት ሰብሮ ከግራና ከቀኟ ተከለ። ከዚያ የሐዘን ጋቢውን ከትከሻው አወለቀ፤ ሐዘንተኛ በሰው ፊት አያወልቀውም። ቀስ አድርጎ በእንጨቶቹ ላይ አለበሳት። ነፋሱ መጥቶ ሊገልጣት ሲል፣ በሸሚዙ ብቻ መሬት ላይ ተቀመጠና የጋቢውን ጫፍ በእጁ ያዘ።