በዘጠኝ ሰዓት የሚጮኸው እስረኛ

ሙት መልስ አይሰጥም ብሎ በስሙ የሚዋሽ ሰው ያለ ከሳሽ የቀረ ይመስለዋል። አይቀርም። ሙት የተወው ዘመድ አለ፤ ዘመድ ባይኖረው በሕይወቱ የጠበቀው ሥርዓት አለ፤ ከሁለቱ አንዱ ይመሰክርለታል። ይህም በሚከተለው ነገር ታወቀ።

ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማትርቅ አንዲት ከተማ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ አሮጌ ወህኒ ቤት አለ። እስረኞቹ ወደ አዲሱ ማረሚያ ቤት ከተዛወሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የባህል ጽሕፈት ቤቱ ቤቱን ለጎብኚ ሲከፍት የሽዋስ የተባለውን ባለሙያ ኃላፊ አደረገበት። የሽዋስ እስከ ዐሥራ አራት ዓመቱ ዲያቆን የነበረ፣ በኋላም ዲግሪ ይዞ የተመለሰ፣ ለሹመት የሚቸኩል ሰው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቤቱን የጎበኙት ዐሥራ አንድ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ አራቱ ዝናብ ለመጠለል የገቡ ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት በሦስተኛው ክፍል መንፈስ ተሰማ። በመጀመሪያ ሰንሰለት ይንኳኳል፤ ቀጥሎ የሰው ድምፅ፣ «እኔ ወልደ ሚካኤል ነኝ። በዚህ ቤት ታስሬ ሞትሁ። ጸሎተ ፍትሐት ዛሬውኑ ድገሙልኝ» ይላል። መናፍስት እኩለ ሌሊትን ይወዳሉ ይባላል። ይህኛው ግን ዘወትር በዘጠኝ ሰዓት ከቀትር በኋላ ይጮኽ ነበር፤ የጎብኚዎቹ አውቶቡስ በዐሥር ሰዓት ይመለሳልና።

ወሬው ይጁቤ ደረሰ። በይጁቤ አጠገብ ወይዘሮ ሥራነሽ የሚባሉ የስድሳ ስምንት ዓመት ባልቴት ነበሩ። አባታቸው ወልደ ሚካኤል የድጓ መምህር ሲሆኑ፣ በድንበር ክርክር ታስረው በዚያ ወህኒ የሞቱት ሥራነሽ የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ልጅቱ አድጋ ጎጆ ከወጣች በኋላ የአባቷን ተዝካር አውጥታለች። እነሆ አባቷ በሞቱ በስድሳ ዓመቱ ተዝካሩ አልደረሰም ተባለ። ወይዘሮ ሥራነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጡ።

ያላቸው አንድ ጥማድ በሬ ነበር። የፋሲካ ዕርድ ሲቃረብ በሬ ፈላጊ ነጋዴዎች ወደ ገበያ ይወጣሉና፣ ጥማዱን ሸጠው ሁለተኛ ተዝካር ሊያወጡ ቆረጡ። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ለእኩል አራሽ የሰጠች ባልቴትም፣ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ መሬቱ የማን ነው ሲባል ድምፅዋ ይለዝባል። ወይዘሮ ሥራነሽ ይህን ያውቁ ነበር። እያወቁም ቆረጡ።

የነፍስ አባታቸው ቄስ ፍቅረ ሥላሴ፣ «በሬው ከመሸጡ በፊት ድምፁ ይመርመር» አሉ። ጽሕፈት ቤቱ የምርመራ ኮሚቴ አቋቋመ። አባላቱ ቄሱና ወንድምአገኝ የተባለ የደብረ ማርቆስ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ ጸሐፊነቱን የሽዋስ ራሱ ለመነ። ገበያው ሐሙስ ስለሆነ ምርመራው ለማክሰኞ ተቀጠረ።

ማክሰኞ ከዘጠኝ ሰዓት አስቀድሞ፣ ወይዘሮ ሥራነሽ ተጨምረው፣ አራቱም ሦስተኛው ክፍል ገቡ። ወይዘሮ ሥራነሽ ለቄሱ እጅ ነሡ፤ ቄሱ መስቀል አላሳለሟቸውም፤ ሰሙነ ሕማማት ነበር። ወንድምአገኝ የሙቀት መለኪያውን ከግድግዳው ላይ አንጠለጠለ።

«ዐሥራ አንድ ዲግሪ» አለ።

«ጽፌዋለሁ» አለ የሽዋስ። «መንፈስ ያለበት ቦታ ይቀዘቅዛል ይላሉ።»

«እኔ የምተኛበት ክፍልም ዐሥራ አንድ ነው፤ ደጋ ነው። ይህንንም ጻፈው።»

የሽዋስ አልጻፈውም።

«ዝም በሉ እናንተ» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ። «አባቴ ጫጫታ አይወዱም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰንሰለቱ ተንኳኳ፤ ድምፁም እንደ ልማዱ ስሙን ተናግሮ ፍትሐት ጠየቀ። ወይዘሮ ሥራነሽ በጉልበታቸው ወደቁ።

«አባዬ፣ እኔ ሥራነሽ ነኝ። ሐሙስ በሬዎቹን እሸጣለሁ። እስከዚያ ይታገሡኝ።»

«ጸሎተ ፍትሐት ዛሬውኑ ድገሙልኝ» አለ ድምፁ እንደገና።

ወይዘሮ ሥራነሽ ወደ ቄሱ ቀና አሉ። «አባ፣ ዛሬውኑ ነው ያሉት?»

«ዛሬውኑ ነው ያሉት፣ ልጄ።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

«አዎን፣ የሕማማት ማክሰኞ ነው።»

በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደገምም። በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይደገማል። ይህን በይጁቤ እርፍ የሚጨብጥ ሁሉ ያውቀዋል።

ወይዘሮ ሥራነሽ ተነሥተው የቀሚሳቸውን አቧራ አራገፉ። «አባቴ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው የሞቱ ሰው ናቸው። ሞት ይህን ያስረሳል?»

«እኔ ሞቼ አላውቅም» አሉ ቄሱ። «ያስረሳል ብዬ ግን አላምንም።»

«እንግዲያ ይህ አባቴ አይደለም። ድምፁ የሚመጣው ከላይ ነው፤ መሰላል አምጡ።»

መሰላል መጣ። ወንድምአገኝ ወጣና በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል እጁን ሰድዶ በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ አወረደ። ስልኩ በእጁ ላይ እንዳለ ፍትሐት ጠየቀ።

«ተቆልፏል» አለ መምህሩ። «ማጥፋት አልቻልሁም። የማን ነው?»

ስልኩ ሰንሰለቱን አንኳኳ፣ ስሙን ተናገረ፣ ፍትሐት ጠየቀ። ጥቂት ዝም ብሎ እንደገና ጀመረ። በአራተኛው ጊዜ የሽዋስ መታገሥ አቃተው፤ ስልኩን ከመምህሩ እጅ ተቀበለና አውራ ጣቱን አኖረበት። ስልኩ ተከፈተ፤ ድምፁም ጠፋ።

ሁሉም አውራ ጣቱን ተመለከቱ።

«ጻፍ እንጂ» አሉ ቄስ ፍቅረ ሥላሴ። «ጸሐፊው አንተ አይደለህ?»

የሽዋስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለከተማዋ እድገት ብዬ ነው፣ አባ። ስም ሲያስፈልገኝ ከእስረኞች መዝገብ ወሰድሁ። ዘመድ ያላቸው አልመሰለኝም።»

«ዘመድ ባይኖራቸውስ?» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ።

«እማማ፣ እኔ እርስዎን አላወቅሁም ነበር።»

«እኔን አልጠየቅሁህም። ዘመድ የሌለው ሙት ስሙ ሜዳ ላይ የወደቀ ነው ወይ? ያገኘ ሁሉ ያነሣዋል?»

የሽዋስ ስልኩን በፌስታሉ መልሶ ጠቀለለ።

«ዲያቆን ነበርህ አሉ» አሉት ቀጥለው። «ቀኑን እንኳ አላየህም።»

ወይዘሮ ሥራነሽ በመጣው አውቶቡስ ተመለሱ። ሐሙስ በሬዎቹ ገበያ አልወጡም። ከፋሲካ በኋላ መሬታቸው በራሳቸው ጥማድ ታረሰ።

የሽዋስ ከሥራው ተሰናበተ። ፍርድ ቤት በሐሰት ሕዝብ አሳስቷል ብሎ የስድስት ወር እስራት ፈረደበት፤ እስራቱንም በአዲሱ ማረሚያ ቤት ፈጸመ። በኅዳር ሲወጣ፣ የነፍስ አባቱ በሰጡት ቀኖና መሠረት፣ ከይጁቤ መግቢያ ጀምሮ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከወይዘሮ ሥራነሽ ደጅ ተንበረከከ። እርሳቸው አጨዳ ላይ ስለነበሩ እስኪመለሱ ድረስ ድንጋዩን አላወረደም።