ዘይቱ ያልወረደው ሞተር ሳይክል

ክላይቭ ፓርጀተር አሮጌ ሞተር ሳይክል ሊገዛ ሲሄድ ከሰላምታ በፊት መዳፉን ሲሊንደሩ ላይ ያሳርፋል። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ሲቀዘቅዝ እንደማይነሳ እየደበቀ ነው ማለት ነው። በዎልቨርሃምፕተን የሞተረኞች ክበባችን ይህን የማያደርግ የለም። ክላይቭ ግን ይህንኑ አድርጎም አምና የሞተር ቁጥሩ ተፍቆ የተቀየረ ገዝቶ መጣ፤ ክበቡ እስከ ገና ሳቀበት። ሁለተኛ ከሳቁበት አባልነቱን እንደሚተው ምሎልኛል።

ቅዳሜ ሞተር ልናይ ጎረቤት ከተማ ደድሊ ስንሄድ በምስክርነት የወሰደኝም ለዚሁ ነው። ሻጯ ወይዘሮ ሞሪን ትራንተር ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ባላቸው ኖርማን ከሞተ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ማስታወቂያውን ያወጣው ልጃቸው ነው። ቁመታቸው ከትከሻዬ አይደርስም፤ በብረት ስለተተካው ዳሌያቸው እያማረሩ፣ በከዘራ እያነከሱ ጋራዡን ከፈቱልን።

ክላይቭ ሲሊንደሩን ዳሰሰው።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኩት።

«በጣም ቀዝቃዛ ነው» አለ ፊቱን አኮማትሮ።

ተንበርክኮ ከሥሩ የተነጠፈውን ጋዜጣ አየ። አንድ የዘይት ጠብታ የለበትም። ከኮርቻው ሥር ያለውን የዘይት ጋን ሲከፍት ደግሞ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ክላይቭ ገረጣ። የእነዚህ ባለሁለት ሲሊንደር አሮጌ ሞተሮች ዘይት ለብቻው ጋን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሞተሩ ለሳምንታት ከቆመ በፓምፑ ሾልኮ ታች ይወርዳል። ሰባት ወር የቆመ ሞተር ጋኑ ባዶ መሆን ነበረበት።

«ወይዘሮ ትራንተር፣ መጨረሻ የተነሳው መቼ ነው?»

«ከኖርማን ወዲህ ማንም አልነካውም ብሎ ልጄ ጽፏል።»

«ልጅዎ የጻፈውን አልጠየቅኩም።»

«ሻይ ላምጣላችሁ» ብለው ገቡ።

ክላይቭ ጆሮዬ ሥር መጣ። «አንድ ገዢ ሞክሮት ሸሽቷል። ሴትዮዋ ትዋሻለች።»

ለአፍታ ኮርቻው ላይ ተቀምጬ የጎን መስታወቱን አየሁ፤ የሚያሳየኝ የራሴን ቀበቶ ነው። «አጭር ሰው ነው የሚነዳው። ምናልባት እሳቸው ራሳቸው...»

«አታሹፍ! ዳሌዋ እኮ የብረት ነው።»

«የግራው ነው። የማስነሻው መርገጫ ያለው በቀኝ ነው።»

ወይዘሮ ትራንተር ሻይና ብስኩት ይዘው ሲመለሱ ሰምተውናል። ሰሃኑን አስቀመጡ።

«ሐሙስ ሐሙስ በዚሁ ሞተር ብሪጅኖርዝ ከተማ ደርሼ እመለሳለሁ። ልጄ ካወቀ በማግስቱ የአዛውንት መኖሪያ ነው የሚያስገባኝ። ሽጪው ሲለኝ እሺ ያልኩት እንዳይጠረጥር ነው፤ ግን አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሩ።»

«አደራዎን እጠብቃለሁ» አልኩ እኔ።

«ቆንጆ ወሬ ነው» አለ ክላይቭ። «አምና የሸወደኝም ወሬው ቆንጆ ነበር።»

«የኔ ጌታ፣ እንግዲያው ዞር በል።» ቤንዚኑን ከፈቱ፤ የካርቡራተሩን ትንሽ ቁልፍ ጣታቸው በቤንዚን እስኪርስ ተጫኑት፤ ከዘራቸውን ለእኔ አቀብለው አንዴ ረገጡ። ሞተሩ ተነሳ፤ ሁለቱ ፒስተኖች እኩል ሲዘሉ የሻይ ኩባያዎቹ ተንቀጫቀጩ።

ክላይቭ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ብርድ፣ በአንድ እርግጫ? የውስጥ ዕቃው የራሱ አይደለም። ና እንሂድ!»

ማክሰኞ ክበቡ ሲሰበሰብ ክላይቭ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። «አንዲት የሰባ አንድ ዓመት ባልቴት በየሳምንቱ እነዳዋለሁ ብላ ልትሸጥልኝ ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ በእሱ ላይ ሳይሆን ከእሱ ጋር። ያመነ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ እኔ፣ ወደ ምስክሩ ዞሩ።

አደራ አለብኝ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።