ዳገት ላይ የሚነደው ሸራ

የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ ከእግሯ ሥር ሽቅብ ሲመጣ፣ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠችው ይርጋነሽ ጸሎቱ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ጎተተችው።

"እግርህን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሣ" አለች።

ገብረ ሕይወት ደንግጦ እግሩን ሲያነሣ ፒካፑ አንዴ ዘለለና ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ጭነቱ ላይ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች እርስ በርስ ተላተሙ።

ከሞጣ ከተነሡ ይህ ስድስተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። በየአንዳንዱ ፊት ያው ነው። ገብረ ሕይወት ዳገቱ መሐል ይቆማል። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ፣ ግማሽ ለቅቆ፣ በቀኝ እግሩ ቤንዚን እየሰጠ መኪናውን እንዳይሄድም እንዳይንሸራተትም አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ ባርኔጣውን ያወልቅና አባታችን ሆይን ከላይ እስከ ታች ይደግማል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሸራው ይነድዳል።

ገብረ ሕይወት የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ዓመት መኪናውን የነዳው እሱ ነው፤ በሁለት ዓመት ሦስት ሸራ ነደደ። ነደደ በተባለ ቁጥር "መኪናው አርጅቷል" ይላል፣ ዘመዱም አምኖት ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ የቢቸና ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቆረጡ፦ አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ከነደደ መኪናው ተሸጦ ከባሏ ወንድሞች ጋር ትካፈል። ሴት ሞተር አታስተዳድርም አሉ። ይርጋነሽ ከሞጣ ቅቤ ገዝታ ቢቸና የምትሸጠው በዚህ መኪና ነው። መኪናው ከሄደ የምትቀመጠው በሰው ደጅ ነው።

ሰጠኝ የሚባለው የሞጣ መካኒክ ባለፈው የወጣውን ሸራ አሳይቷት ነበር። ጠቁሯል፣ ተሰነጣጥቋል። ይህ በመንገድ ያለቀ አይደለም፣ ቆሞ የነደደ ነው ብሎ ነገራት። ቆሞ የሚነድበትን ቦታ ዛሬ በዓይኗ አየች።

"ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም ልለፍ ነው የሚሉኝ፣ እትዬ?" አለ ገብረ ሕይወት።

"ተሳለም። ግን የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ እግርህን አውርድ።"

"የእጅ ፍሬን ዳገት ላይ አይታመንም።"

"አሁን ማን ይዞት ነው የቆመው?"

ገብረ ሕይወት የፍሬኑን ብረት ተመለከተ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የሆኑት ቄስ ወልደ ኪዳን ከጭነቱ ላይ ወርደው መስኮቱ ዘንድ መጥተው ነበር። ወደ እሳቸው ዞረች።

"አባ፣ በበቅሎ ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ምን ያደርጋሉ?"

"እወርዳለኋ።"

"ኮርቻው ላይ ተቀምጠው አይሳለሙም?"

"ነውር ነው፣ ልጄ።"

"ሰማህ? አንተ በሁለት ዓመት አንድ ቀን ወርደህ ታውቃለህ? ተቀምጠህ ነው የምትሳለመው፤ ለመቀመጫህ ብለህ ነው ሸራዬን የምታነደው። አውቀህ ብታደርገው ይሻለኝ ነበር። ሌባ ነው ብዬ አባርርህ ነበር።"

የገብረ ሕይወት ፊት ቀላ። ወርዶ መሪውን እንዲለቅላት ስትነግረው የምትቀልድ መሰለው። ባሏ በሕይወት ሳለ በበጋ ሜዳ ላይ መንዳት ሲያስተምራት እንደከረመ፣ ለሰው ግን ሁለቱም እንዳልተነፈሱ አያውቅም። ተሳፋሪዎቹ ግን እሷ ልትነዳ መሆኑን ሲሰሙ ቀድመው ወረዱ። አንደኛው ለጤናውም እግር ይሻላል እያለ ነጠላውን አራገፈ።

ሸራው እስኪበርድ ብዙ ቆዩ። ይርጋነሽ ወደ ሹፌሩ ወንበር ተሻግራ ማርሹን ዜሮ አደረገች። ከዚያ ገብረ ሕይወት የማስነሻውን ብረት ከፊት ሰክቶ አምስት ጊዜ አዞረና ሞተሩ ተነሣ። አንደኛ ማርሽ አስገባች። ቤንዚን ጥቂት ሰጠች፣ ግራ እግሯን ቀስ እያለች አነሣች። የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና አለ። ያን ጊዜ የእጅ ፍሬኑን አወረደች። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አላለም። እግሯን ከፍሪሲዮኑ ላይ ጨርሳ አነሣችና ወለሉ ላይ አሳረፈችው። ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ የማርሹ ካምቢዮ አጉረመረመባት፤ እሷም መልሳ ሰደበችው።

ዳገቱ አናት ሜዳው ላይ አቁማ ሞተሩን አጠፋች። ወርዳ ደጀ ሰላሙን ተሳለመች። በእግራቸው የደረሱት ተሳፋሪዎችም ተሳልመው ተሳፈሩ። ገብረ ሕይወት ከሁሉም ኋላ መጣ። የማስነሻውን ብረት ዳግመኛ ሲያዞር እጁ ተላጠ፣ እሷም አላባበለችውም።

የቢቸና ኬላ ሲታይ አጠገቧ የተቀመጠው ገብረ ሕይወት ተናገረ።

"ከዚህ ወዲያ ለእኔ ይስጡኝ። ፖሊስ አለ፣ እርስዎ መንጃ ፈቃድ የለዎትም።"

እውነቱን ነው። ከኬላው ባሻገር ደግሞ ዳገት አለ፣ ዳገቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ግራ ቀኙ ገበያተኛ።

"እዚያ ስትደርስ ምን ታደርጋለህ?"

"ሰው ሁሉ ያየኛል" አለ። "ሳልቆም ባልፍ ምን ይሉኛል? ወርጄ ደግሞ ያን ብረት ሳዞር ልቤ ወልቆ ሊሳቅብኝ ነው።"

"እግዜርን አይደለም እንግዲህ የፈራኸው።"

"እትዬ፣ ልማድ ነው። እግሬ ራሱ ነው የሚያደርገው።"

ይህን ሲል አልዋሸም። ያናደዳት ያ ነው፤ ለዋሸ ሰው መልስ ነበራት።

መኪናውን ከመንገድ አውጥታ ደልዳላ መሬት ላይ አቆመች። የእጅ ፍሬኑን ያዘች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ነቀለች። ለተሳፋሪዎቹ ከዚህ በእግር ነው አለቻቸው፤ አጉረመረሙ፣ ወረዱ።

"ምን ሊያደርጉ ነው?" አለ ገብረ ሕይወት።

"አንተ ጭነቱን ጠብቅ። አባ፣ እርስዎ ከእኔ ጋር ሽማግሌዎቹ ዘንድ ይምጡ። ሸራው በምን እንደሚነድ ያዩትን ይንገሩልኝ። ሌላ ሹፌር እይዛለሁ፤ ወርዶ የሚሳለም።"

"ገበያው እኮ ሊፈታ ነው። ቅቤው ፀሐይ ላይ ነው፣ ይቀልጣል።"

ይርጋነሽ የሳምንት ድካሟን የያዙትን ቆርቆሮዎች አንድ ጊዜ አየች። ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

"ይቅለጥ" አለችና መንገዱን ያዘች።