ሙሴ የመሰከሩለት ቢስትሮ

ሙሴ ሴት ልጃቸውን ለመዳር ያስቀመጡት መመዘኛ አንድ ብቻ ነው። ሀብት አልጠየቁም፣ ዘር አልቆጠሩም።

«ባሏ የሚሆነው ሰው በዚህ ሁሉ ሕንፃ መሀል አንድ እውነተኛ ቢስትሮ፣ የፈረንሳዮቹን ትንሽ ምግብ ቤት፣ ፈልጎ ያብላኝ። ደህና ምሳ ፈልጎ ያላገኘ፣ ቤት ይመራል ብዬ አላምንም» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በዚያው ጸና።

«ሙሴ»፣ በፈረንሳዮቹ «አቶ» እንደ ማለት፣ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሠፈሩ ነው። በወጣትነታቸው ፈረንሳይ አገር ሁለት ዓመት የመንገድ ሥራ ተምረው ተመልሰዋል። ያ ሁለት ዓመት ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ ተወርቶ አላለቀም። ዝናብ ቢዘንብ እንኳ «የዚያ አገር ዝናብ ሰው አክባሪ ነው፣ ልብስ አያበሰብስም» ይላሉ።

ፈተናው የወደቀበት ምስኪን የሆስፒታል ራጅ አንሺ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጎድን ሲያይ ይውላል፤ የወደፊት አማቱን ሆድ የሚያሳይ መሣሪያ ግን ገና አልተሠራም። ልጅቷን ከወደዳት ሦስት ዓመት አልፎታል። እሷም ትወደዋለች፤ ነገር ግን «አባዬ ካልመረቀኝ አላገባም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሙሴን የወሰዳቸው፣ ደጃፉ ላይ ከፈረንሳዩ ግንብ የተቀዳ የብረት ማማ ወደ ተገተረበት ቤት ነበር። አንገቱን በቀይ መሐረብ ያነቀ አስተናጋጅ በሩ ላይ ተቀብሎ «ቦንዡር!» አላቸው። ሙሴ ደስ ብሏቸው ረጅም ፈረንሳይኛ አዘነቡበት። አስተናጋጁ ከቋንቋው የደረሰው ያችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረችና በድጋሚ «ቦንዡር» አለ። ሙሴ ወንበር ሳይነኩ ወጡ።

በሁለተኛው ቅዳሜ የቀረበላቸው ሳህን የጋሪ ጎማ ያህላል፤ መሀሉ ላይ የተቀመጠው ነገር ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ። ሙሴ አንስተው ዋጡትና «ናሙናውን ወድጄዋለሁ፤ ምግቡን አምጣው» አሉ። አስተናጋጁ ምግቡ ያ የዋጡት መሆኑን አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው።

ሦስተኛው ቤት ግን ቤት ነበር። ጠባብ ክፍል፣ የተቧጨሩ የእንጨት ጠረጴዛዎች፣ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የዕለቱ ምግብ። አብሳዩ ፈረንሳዊ ነው፤ ኩርፊያው ሳይቀር ከአገሩ የመጣ ነው። አይብ የቀለጠበት የሽንኩርት ሾርባ መጣ፤ ቆዳው የተንኮሻኮሸ ዳክዬ ተከተለ። ራጅ አንሺው ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ፣ ለምን እንደመጣ እንኳ ረስቶት ነበር። ቀና ሲል ሙሴ ማንኪያቸውን አስቀምጠዋል።

«ይኼ ፈረንሳይ አይደለም።»

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ እዚያው የተወለደ ነው!»

«መወለድ ቋንቋ ነው፣ ልጄ።»

ራጅ አንሺው ተስፋ ቆረጠ። ተስፋ የቆረጠ የሕክምና ሰው ደግሞ በመጨረሻ ትዝ የሚለው በሽተኛውን መጠየቅ ነው። «እስቲ ጋሼ፣ እዚያ የበሉበትን ቤት ከበሩ ጀምረው ይንገሩኝ» አለ።

የሙሴ ዓይን እንባ አቀረረ። «ወረፋ ትይዛለህ። የብረት ትሪ ታነሳለህ። ጭልፋ የያዘችው ሴትዮ ቀና ብላ አታይህም፤ የምስር ሾርባውን ዧ አድርጋ ትደፋልሃለች። ከሥሩ ትንሽ አርሯል፤ ጣዕሙ እሱ ነው! ዳቦው ጥርስ ይፈትናል። ጨው ለሃያ ሰው አንድ ነው፤ ተለማምጠህ ትቀበላለህ። ከማደሪያችን ምድር ቤት ነበር፤ እኛ ቢስትሮው እንለዋለን።»

ራጅ አንሺው ነገሩ እንደ ራጅ ፊልም ወለል ብሎ ታየው። ሰውየው ሁለት ዓመት የተማሪ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ በልተው፣ የቢስትሮ ደጃፍ ሳይረግጡ ነው የመጡት! ይህን ቢናገር ሚስት የለም። ስለዚህ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ቤት አለ» አለ።

ቤቱ የሆስፒታሉ የሠራተኞች ክበብ ነው። ሰኞ ጠዋት ራጅ አንሺው፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጄኔራሏ» ወደሚላት ምግብ አብሳይ ሮጠ።

«እትዬ፣ የዛሬውን ምስር አደራ፣ እንዳያሻሽሉት!»

«በአሥራ አምስት ዓመት አሻሽዬ አውቃለሁ?» አለች ጄኔራሏ፣ ክብሯ ተነክቶ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሙሴ ከልጃቸው ጋር ደረሱ። በሩ ላይ ቆመው አየሩን ማጉ። ትሪ አንስተው ወረፋ ያዙ። ጄኔራሏ ሾርባውን ደፋችላቸው፤ «ሜርሲ» ብለው አመሰገኗት።

«ሰልፉን አታቁም፣ ሽማግሌ! ቀጣይ!»

«ሰማህ?» አሉ ሙሴ ወደ ራጅ አንሺው ዞረው፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ። «ያቺ የጭልፋዋ ሴትዮ ልክ እንዲህ ነበር የምትሰድበኝ!»

ከነርሶች ጠረጴዛ ጨው ለምነው፣ ያረረውን ከሥሩ ፍቀው በሉ። ልጅቷ የመጀመሪያዋን ማንኪያ አፏ ውስጥ እንደያዘች፣ ለመዋጥም ለመትፋትም ተቸግራ እጮኛዋ ላይ አፈጠጠች።

«በዚህ ከተማ ያለው ቢስትሮ ይኼ ብቻ ነው። ልጄን መርቄ ሰጥቼሃለሁ» አሉ ሙሴ። ከዚያ ባዶ ትሪያቸውን ይዘው ወደ ጄኔራሏ ተመለሱና፣ አዳራሹ እስኪሰማ «እመቤቴ፣ የሰርጉን ምሳ የሚያበስሉት እርስዎ ነዎት! ይኸው ምስር፣ ይኸው ዳቦ፤ አንድ ነገር እንዳይለወጥ!» አሉ።

«ለስንት ሰው?»

«ለአራት መቶ!»

ራጅ አንሺው እውነቱን ሊያፈርጠው ብድግ ሲል፣ ልጅቷ እጅጌውን ይዛ አስቀመጠችው። እንደ ምንም ዋጠችና «አርፈህ ተቀመጥ» አለችው በሹክሹክታ። «እኛ እንጋባ፤ እንግዳው ቤቱ በልቶ ይምጣ።»