ሁሉም አንደኛ

የሆስፒታሉ የኔትወርክ ባለሙያ ሰው መናቅ ልማዷ አልነበረም፤ ያስለመዷት አለቆቿ ናቸው።

ስልኩም፣ የራጅ ምስሉም፣ የቢሮው ቪዲዮም የሚያልፈው በአንድ መስመር ነበርና ሲጨናነቅ የሐኪሞቹ ስልክ ይቆራረጥ ጀመር። ስለዚህ መስመሩን በሚያከፋፍሉት መሣሪያዎች፣ በስዊቾቹ ላይ ቅደም ተከተል ልታበጅ ተነሳች፦ መጀመሪያ የድንገተኛና የቀዶ ሕክምና ስልክ፣ ቀጥሎ ራጅ፣ የቀረው እንደ ተራው። በስብሰባ ስታስረዳ ኃላፊዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከስብሰባው ሲወጡ ግን ለየራሳቸው ቅድሚያ ፍለጋ ደጅ ይጠኗት ጀመር።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው፣ "የሆስፒታሉ ገጽታ እኮ የሚታየው በእኔ ቪዲዮ ነው" አላት። የግዢ ኃላፊው ደግሞ የእህቷ ባል ነው። በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያው ቤተሰብ አይደለን? የእኔን ቢሮ ከላይ ጣል አድርጊው" አለ።

"ጋሼ፣ ካንተ ቢሮ የሚያልፈው እኮ አብዛኛው ኳስ ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ስዊቹ ያሳያል።"

ፊቱ በርበሬ መሰለ። ነገሩን ይዞ የሄደው ቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ነው። እሳቸውም አስጠሯት።

"የኃላፊዎች ቢሮ በሙሉ ከድንገተኛው እኩል አንደኛ ይሁን።"

"ሁሉም አንደኛ ከሆነማ አንደኛ የሚባል የለም።"

"አትፈላሰፊብኝ!"

አደረገችው። እነሱን የናቀችውን ያህል ትእዛዙን ስዊቹ ላይ የጻፉትን ጣቶቿንም ናቀች።

ሳምንት ሳይሞላ ኃላፊዎቹ በግድግዳ ብቻ ተለያይተው፣ በየቢሯቸው ተቀምጠው፣ ስለ አገልግሎት ጥራት በቪዲዮ ይደሰኩሩ ጀመር። ምስሉ ደርቆ ሲቀር ዳይሬክተሩ እሷን ጠርተው መጮህ ጀመሩ። ጩኸታቸው ሳያልቅ ቀዶ ሐኪሙ ደም የነካው ጋውኑን እንኳ ሳያወልቅ በሩን በርግዶ ገባ።

"'ደም!' እያልኩ በስልክ ስጮህ ደም ባንክ የሰማው የተቆራረጠ ትንታ ነው! ነርሷ ሮጣ ባታመጣው ኖሮ ቀዶ ሕክምና ላይ ያለችው ሴትዮ አልቆላት ነበር!"

ዳይሬክተሩ ወደ ባለሙያዋ ዞሩ። "አላልኩሽም? ድንገተኛው ይቅደም አላልኩም?"

ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። ለስድብ እንኳ አልበቁላትም። ላፕቶፗን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ የመጀመሪያውን ቅደም ተከተል መለሰችና ተነሳች።

"ከእንግዲህ ቅድሚያ የሚፈልግ በአምቡላንስ ይምጣ።"

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሐኪሙ ገና በሩ ላይ ቆሞ ነበርና መልሰው ገጠሙት።