ካቆምሽበት እንቀጥል

በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሦስት ሴቶች ይሠራሉ፤ ሁለቱ ያወራሉ፣ ሦስተኛዋ ትሰማለች። ሦስተኛዋን «ሹክሹክታ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በክፋት አይደለም፤ በመስኮቱ የሚቆመው ታካሚ ሁሉ «ምን አልሽ የኔ እህት?» እያለ ጆሮውን ወደ መስታወቱ ሲያስጠጋ ቢያዩ ጊዜ ነው። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ሳቋም አይሰማም።

ጊታሩን የገዛችው በዚሁ የተነሳ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ። ጉሮሮዋ እንቢ ያላትን ነገር ጣቶቿ እሺ ይሏት እንደሆነ ልታይ። ሁለት ወር ሙሉ ግን ጊታሩ የአልጋዋን ራስጌ ተደግፎ ከመቆም በቀር የፈየደው ነገር የለም። ከስልኳ ቪዲዮ እያየች ስትሞክር፣ አብራት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ታላቅ እህቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ ትጮኻለች።

«ኧረ በናትሽ! ድመቷን ወይ ግደያት ወይ ልቀቂያት!»

«አስተማሪ እየፈለግኩ ነው።»

«ምን?»

«አስተማሪ!»

«ቶሎ አግኚያ። አለዚያ ቤት የምቀይረው እኔ ነኝ።»

ፈለገች። የሙዚቃ ዕቃ ሻጩ፣ የሚችለው ሁሉ መድረክ ላይ ነው፣ ጀማሪን የሚታገሥ ሰው ጠፍቷል አላት። አንድ ቦታ ደወለች፤ ሃያ ሰው በአንድ ክፍል እንደሚማርና መጀመሪያ ቀን ሁሉም ተነስቶ ራሱን እንደሚያስተዋውቅ ሲነግሯት አመስግና ዘጋች።

ማስታወቂያውን ያገኘችው ከአፍንጫዋ ሥር ነው። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ የተወችው ቁም ሳጥን አለ፤ እሷ ስትቀጠር ከነጋዋኑ ነው የተሰጣት። ጋዋኑ ልኳ ስለነበር ሌላ አልጠየቀችም፤ ከቤትም ለብሳው ነው የምትመጣው። አንድ ቀን ቁም ሳጥኑን ስታጸዳ፣ በአቧራ ተሸፍና በሩ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ብቅ አለች፦ «ጊታር። ለጀማሪዎችና ማሻሻል ለሚፈልጉ። በአንድ ሰዓት አንድ ተማሪ ብቻ።» ከሥሩ አድራሻ። ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ።

«ይቺን ማን ለጠፋት?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ የመጀመሪያውን አልሰሟትም።

«የድሮዋ ናታ» አለች አንደኛዋ፣ ካርድ እየመለሰች። «እንዳንቺ ዝምተኛ ነበረች። ጊታር ጊታር ስትል ከርማ አንድ ቀን ሳትሰናበት ቀረች። ጋዋኗን እንኳ አልወሰደችም እኮ።»

በአድራሻው ያለው ቤት ከአንድ የሶፋ መጠገኛ በላይ ነው። ሶፋ ሠሪው አፉን ሙሉ ሚስማር ይዞ ነበር፤ ስትጠይቀው በእጁ ወደ ደረጃው አመለከታት፣ ከዚያ ሚስማሩን መዳፉ ላይ ተፋና «እሳቸው እኮ አዲስ ተማሪ መቀበል ካቆሙ ቆዩ» አላት። «የጀመሩትን ብቻ ነው የሚጨርሱት።»

መመለስ ነበረባት። ነገር ግን ሰውዬው እያያት ዞሮ መሄድ አሳፈራትና ወጣች።

መምህሩ ቀጭን፣ ንጹሕ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ጭጋግ ለብሷል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት የእንጨት ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳ ላይ ሁለት ጊታር። ሌላ ነገር የለም።

«ማነው?»

አንድ ነገር አለች። አልሰሟትም።

«ግራ እጅሽን አምጪ።»

ሰጠቻቸው። የጣቶቿን ጫፍ አንድ በአንድ እየዳሰሱ ሄዱ፤ ሌባ ጣቷን፣ የመሐሏን፣ የቀለበቷን። የቀለበት ጣቷ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በራ።

«መጣሽ! ሦስት ዓመት ሙሉ! መጅሽ ሁሉ ጠፍቶ የለም እንዴ? ምን አባሽ ስታደርጊ ከረምሽ? ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። ካቆምሽበት እንቀጥል።»

«እኔ እሷ አይደለሁም» የሚለው እስከ ጥርሷ መጣ። ከዚያ የሶፋ ሠሪው ቃል ትዝ አላት። አዲስ ተማሪ አይቀበሉም። ይህን ከተናገረች ደረጃውን ትወርዳለች፤ ከደረጃው በታች ደግሞ ሃያ ሰው ፊት ራስን ማስተዋወቅ ነው ያለው። በሚቀጥለው ሳምንት እነግራቸዋለሁ ብላ ተቀመጠች። ወንበሩ ከሥሯ ሲጥ አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት አልነገረቻቸውም።

አንድ ዜማ ነበር የሚያስተምሯት፤ ራሳቸው የደረሱት፣ ከወፍራሙ ክር ተነስቶ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ወደ ቀጭኑ የሚያዘግም። እንዴት እንደሚጀመር አላሳዩአትም፤ ታውቀዋለሽ ብለው ነው የሚያስቡት። እሷም፣ በምን እንደሆነ እንጃ፣ ታውቀው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ጣቶቿ ዓይኗን ሳይጠብቁ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ቤት ስትጫወት እህቷ መኪናዋን አቆመች፤ አልጮኸችም ግን።

«ይሄ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አትዋሺ፣ ስልኩን ከፍተሽ ነው።»

ሹክሹክታ ያን ምሽት በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በዕድሜዋ አንድ ነገር ተናግራ ሰው ሲሰማት የመጀመሪያዋ ነበር።

አንድ ቦታ ብቻ ትሳሳታለች። ዜማው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የቀለበት ጣቷ ይዘገያል። መምህሩ በስህተቷ እንደ ሕፃን ነበር የሚደሰቱት።

«እዚህ ጋ ሁልጊዜም! ያኔም እዚህ ጋ ነበር የምትፈሪው። እኔ አንቺን በምን የማውቅሽ ይመስልሻል? ትክክሉንማ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚጫወተው።»

እሷ ግን በዚያ ቦታ ለመሳሳት ከማን እንደተማረች ማሰብ አልፈለገችም።

በሁለተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት የሆስፒታሉ በር ላይ ያለው የጣት አሻራ ማሽን አላውቅሽም አላት። ስትቀጠር ያስመዘገበችው የግራ ሌባ ጣቷን ነው፤ ቀኝ እጇ ሁልጊዜ ቦርሳና ቁልፍ ይዞ ስለሚመጣ። ደግማ ነካችው። ቀይ መብራት።

«ጊታሩ ጣትሽን በላው» አለ ጥበቃው እየሳቀ። «መጅ ካወጣሽ አያውቅሽም። ባለፈው አናጢውንም አስቸግሮታል። ጥረጊና ሞክሪ።»

በጋዋኗ ጠርጋ ነካችው። አረንጓዴ በራ። የማሽኑ መስታወት ላይ ቁጥር ወጣ፦ 117።

የእሷ ቁጥር 342 ነው።

የአስተዳደሩ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ እያጸዳ «አይሆንም» አላት። «117 ከተሰረዘ ሦስት ዓመቱ ነው። ከአንቺ በፊት ካርድ ክፍል የነበረችው ናት። ማሽን አርጅቶ ነው፤ ጣትሽን በክሬም እሺው።»

በክሬም አሸችው። 117። በማግሥቱም 117። በሦስተኛው ቀን ጥበቃው መሳቁን ተወ፤ ስታልፍ ወደ ሌላ ቦታ ያያል።

ከዚያ ወዲህ ማየት የማትፈልገውን ሁሉ ታይ ጀመር። ካርዶቹ ላይ የቁጥር አጻጻፏ ከድሮዋ ሠራተኛ አጻጻፍ ጋር አንድ ሆኗል፤ ሰባቷን መሐሏ ላይ በጭረት ትቆርጣታለች፣ እንዲህ ቆርጣ አታውቅም። መስታወት ፊት ፀጉሯን፣ እንደ ልማዷ ሳይሆን፣ በግራ በኩል ተከፍሎ አገኘችው። በዚያ ሳምንት መጨረሻ እህቷ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን ስትይዛት በድንጋጤ ዘለለች።

«ምን ነክቶሻል? ስምሽን ስጠራ ይሄ አራተኛዬ ነው!»

«አልሰማሁም።»

«ሰምተሻል። ዞር ብለሽ አይተሽኛል እኮ። ከዚያ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ፊትሽን መለስሽ።» የእህቷ ድምፅ ወረደ፤ ሲወርድ ሹክሹክታ ስትሰማው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። «እናታችን የሰጠችሽን ስም እኮ ነው የጠራሁት።»

ሐሙስ፣ ከሥራ በኋላ፣ ደረጃውን ወጣች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ከታች የሶፋ ሠሪው መዶሻ ይሰማል። መምህሩ ጊታሩን አቀበሏት። ስትቀመጥ ወንበሩ ሲጥ አላለም። ተነስታ ደግማ ተቀመጠች። ዝም። ከሥሯ ምንም እንዳልተጫነበት ሁሉ ዝም።

ወደ መምህሩ ቀና አለች።

«እኔ እሷ አይደለሁም።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ እሷ አይደለሁም። መጥቼ አላውቅም። መጀመሪያ ቀን ተሳሳቱ፣ እኔም ዝም አልኩ።»

መምህሩ አልተቆጡም። ጭጋጋማ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ያኔም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር» አሉ። «ቃል በቃል።»

«እኔ አይደለሁማ!»

«እሷ እንግዲያው። እኔ ሰው የማውቀው በጣት ነው፤ እሷንም ከእሷ በፊት በነበረችው ተማሪ ጣት ነበር ያወቅኋት።» ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «ከመጀመሪያው እንጀምር አልኳት። ከመጀመሪያው ከጀመርሽ ግን በእጅሽ የገባው ሁሉ ይሄዳል አልኳት። ሳሳች። ግድ የለም፣ ካቆምኩበት ይሁን አለች። ቀጠልን። እየተዋበ ሄደ ጨዋታዋ። እሷ ግን ስትወጣ ደረጃው አይሰማኝም፣ ስትቀመጥ ወንበሩ አይሰማኝም። በመጨረሻ ዜማው ብቻ ይመጣና ከፊቴ ይቀመጥ ነበር። አንድ ሐሙስ እሱም ቀረ።»

ጊታሩ ጭኗ ላይ ነው። ጣቶቿ እሷን ሳይጠይቁ የመጀመሪያውን ቦታ ይዘዋል፤ ትንሽ ብታዛቸው ሁሉንም ይጫወቱላታል። በዚህ ክፍል ውስጥ «ምን አልሽ?» ሳይባል የሚሰማላት ነገር እሱ ብቻ ነው። እህቷ እንኳ መኪናዋን አቁማ የሰማችላት እሱን ነው። ግን የሰማችው ማንን ነበር?

«ከመጀመሪያው እንጀምር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ከመጀመሪያው!»

«ሁሉም ይሄዳል እኮ፣ ልጄ።»

«ይሂድ!»

ከታች መዶሻው ቆመ። ጩኸቱ የእሷ መሆኑን ያወቀችው መዶሻው ሲቆም ነው።

«እጅሽን አምጪ» አሉ መምህሩ። ጣቶቿን ዳሰሱ፤ ሌባ ጣቷን፣ የመሐሏን። የቀለበት ጣቷ ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ እጇን ቀስ ብለው መለሱላት።

«አላውቅሽም» አሉ። «ስምሽ ማን ነው?»

ነገረቻቸው፤ አላስደገሟትም። ከሥሯ ወንበሩ ሲጥ አለ። ወፍራሙን ክር ስትጫነው ጣቷን እንደ ምላጭ ቆረጣት፤ የወጣው ድምፅ የዚያች ድመት ድምፅ ነበር። ሽማግሌው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ እሷ ግን ሳቋ መጣ። ሳቋም ተሰማ።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ ከጥበቃው ሌላ ሰው አልነበረም። ጣቷን ማሽኑ ላይ አሳረፈች። አረንጓዴ። 342።

«እሰይ!» አለ ጥበቃው፣ ረጅም ትንፋሽ ለቆ። «ዛሬ አንቺ ነሽ።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ ውስጥ አራት እርምጃ ያህል እንደሄደች፣ ከኋላዋ ማሽኑ እንደገና ጮኸ። ጥበቃው «117!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ ሲል ሰማችው። የእግር ኮቴ ግን የለም። ሰው የሚራመድበት ድምፅ አልነበረም፤ ከጎኗ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ወደ ካርድ ክፍሉ አቅጣጫ አለፈ እንጂ።

አልዞረችም። የለበሰችውን ጋዋን አወለቀች፣ አጠፈችና በኮሪደሩ ዳር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ መላው ኮሪደር በሚሰማው ድምፅ፣

«እንደምን አደርሽ?» አለች።